«ቁርጡን ንገረን»፦ ሠራተኞቻችሁ ሲፈሩ ድርጅት እንዴት ይመራል?

ባህር ዳር፣ ጣና ዳር ትንሽ የዓሳ ምግብ ቤት አለኝ። ጉላሽ፣ ለብለብ፣ ጥብስ፤ ሌላ ብዙ ነገር የለንም። የዛሬው ጽሑፌ ግን ስለ ዓሳ አይደለም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ሳምንት ሳይሞላ ጠረጴዛዎቻችን ባዶ ሆኑ። እኔ ምን አደረግሁ? ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሦስት ቀን ሙሉ። ነገሩን አጣርቼ፣ ጥሩ መልስ ይዤ ልውጣ ብዬ ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን።

በሦስተኛው ቀን ወጥ ቤት ብቅ ስል ወሬው ቀጥ አለ። የሚሰማው የቢላዋ ድምፅ ብቻ ነበር። በኋላ እንደሰማሁት ቤቱ ተሽጧል ተብሏል። እኔም ጓዜን ጠቅልዬ አዲስ አበባ ልገባ ነው። የሸጥኩበት ዋጋ ሳይቀር ተቆርጦልኛል፤ ለነገሩ ዋጋው ጥሩ ነበር። ጥብስ ላይ አቻ ያልነበረው ልጅ ግን በዚያው ሳምንት ሥራ ለቀቀ። ሊሰናበተኝ ሲመጣ «ጋሼ፣ ከምባረር ቀድሜ ልውጣ ብዬ ነው» አለኝ። ማንንም ላባርር አላሰብኩም ነበር።

ዋናዋ ወጥ ሠሪያችን በእድሜ ይበልጡኛል። እቴቴ ነው የምንላቸው። ያን ዕለት ማታ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ቢሮ ድረስ መጡ። አልተቀመጡም። «ልጄ፣ ክፉም ይሁን ደግ ቁርጡን ንገረንና እንወቀው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መንገድ የሚዘጋበት፣ ኢንተርኔት የሚጠፋበት፣ እንግዳ የሚቀርበት ወራት ተከተለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዘይት የሚያመጣልን ሰው ጠዋት አንድ ዋጋ፣ ከሰዓት ሌላ ዋጋ ይነግረን ጀመር። በእያንዳንዱ ጊዜ ወጥ ቤቱ ውስጥ የነበረው ጥያቄ አንድ ነው፦ ቁርጡ ምንድን ነው?

ከዚህ በታች ያለው ከ5 እስከ 50 ሠራተኛ ላለው ሰው የተጻፈ ነው። ምግብ ቤት ይሁን እንጨት ሥራ፣ ጋራዥ ይሁን ልብስ ስፌት፣ ፍርሃቱ ያው ነው።

1. ከመናገራችሁ በፊት ብሩን ቁጠሩ

ሰው ፊት ቆሞ «እንወጣዋለን» ማለት ቀላል ነው። በስንት ሳምንት? በምን ገንዘብ? ይህን ሳታውቁ አትሰብስቡ። ቆጠራው ግን ሦስት ቀን አይፈጅም። አንድ ማታ ይበቃል።

ሁለት ቁጥር ያስፈልጋችኋል። አንደኛው ዛሬ እጃችሁ ላይ ያለው ገንዘብ ነው፤ ባንክ ያለው፣ ካዝና ያለው፣ በእርግጠኝነት የሚሰበሰብ ዱቤ። «በእርግጠኝነት» የሚለውን አስምሩበት። ስልክ የማያነሳ ባለዕዳ ገንዘብ አይደለም። ለግብር የተቀመጠውንም እንደራሳችሁ አትቁጠሩት። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ሰሃን ባትሸጡም በወር የግድ የምትከፍሉት ነው።

ለምሳሌ ያህል እንዲህ እንበል። 16 ሠራተኛ በአማካይ 6,000 ብር ቢከፈለው ደመወዙ 96,000 ነው። የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ ስለሆነ 10,560 ይጨመራል። ኪራይ 45,000። መብራት፣ ውኃና ጋዝ 12,000። የባንክ ብድር 38,000። እቁብ ደግሞ በሳምንት 5,000፣ በወር 20,000። እቁቡን እንዳትረሱት፤ ዳኛው አይረሳውም። ድምሩ 221,560 ብር መጣ። እጃችሁ ላይ 390,000 ካለ፣ ምንም ባትሸጡ የምትቆዩት ሰባት ሳምንት ተኩል ያህል ነው። ገበያው ቀዝቅዞም ቢሆን የዓሳና የዘይት ወጪ ተነስቶለት በወር 60,000 የሚያተርፍ ከሆነ ወደ አሥር ሳምንት ይዘልቃል።

ሰባት እና አሥር። እነዚህን ቁጥሮች ስታገኙ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ሌሊት ያሳጣችሁ እንቅልፍ ትንሽ ይመለሳል፤ መጠኑ የታወቀ ችግር መጠኑ ካልታወቀው ይሻላል። ሁለተኛ፣ ለሠራተኛ የምትሰጡት ቃል ስንት ሳምንት እንደሚዘልቅ ታውቃላችሁ። ከዚያ በላይ ቃል የምትሰጡት ከኪሳችሁ ሳይሆን ከምኞታችሁ ነው።

ባንኩንም በዚያው ሳምንት አነጋግሩት። የክፍያ ቀን ካለፈ በኋላ የሚመጣ ተበዳሪና ቀድሞ የሚመጣ ተበዳሪ አንድ ዓይነት ወንበር አይሰጣቸውም።

2. አንድ ወረቀት፣ ሦስት ዓምድ

ወረቀቱን በቁሙ ለሦስት ክፈሉት። በመጀመሪያው ላይ «የምናውቀው»፣ በሁለተኛው «የማናውቀው»፣ በሦስተኛው «የወሰንነው» ብላችሁ ጻፉ።

መካከለኛው ዓምድ ነው የሚያስቸግረው። አለቃ ሆኖ «አላውቅም» ማለት ልብስ እንደማውለቅ ያለ ነገር ነው። ግን ሠራተኛው አለማወቃችሁን ያውቃል። መንገዱ መቼ እንደሚከፈት፣ ቱሪስት መቼ እንደሚመለስ፣ የዘይት ዋጋ የት እንደሚቆም እናንተ እንደማትወስኑ ያውቃል። የማያውቀው እናንተ ብቻ የምታውቁትን ነው፤ ደመወዙ አለ ወይስ የለም? ቤቱ ይሸጣል ወይስ አይሸጥም? ስለዚህ «አላውቅም» የምትሉት በትክክል የማታውቁትን ብቻ ይሁን። የምታውቁትን ሰውራችሁ «እግዜር ያውቃል» ማለት መሸሽ ነው።

ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ደግሞ ገና አልደረሳችሁም። ትንሽም ቢሆን አንድ የተወሰነ ነገር ይኑር። የመዝጊያ ሰዓት፣ የምግብ ዝርዝር፣ የራሳችሁ ክፍያ። ሰው የሚረጋጋው አለቃው መሪውን እንደጨበጠ ሲያይ ነው።

3. ሰብስቡና ንገሯቸው

መቼ? በማግስቱ ጠዋት። ሥራ ከመጀመሩ በፊት። ማታ አትሰብስቡ፤ ደክሟቸዋል፣ ባጃጅ ሳይጠፋ ቤት ለመግባት ይቸኩላሉ፣ ክፉ ወሬ ሰምቶ የሚያድር ሰው ደግሞ ሌሊቱን ሲያባዛው ያድራል።

የት? ቢሮ ውስጥ አይሁን። ቢሮ የሚጠራ ሰው ጥፋቱን እያሰበ ነው የሚገባው። እኛ ጓሮ ካለው ዋርካ ሥር ነው የምንቀመጠው። ቡና ይፈላል። አንዳንዶቻችሁ «በዚህ ጭንቀት ቡና?» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ቡና። እጅ የሚይዘው ሲኒ ሲኖር አፍ ይፈታል። ጥበቃውንም፣ ሳህን አጣቢዋንም ጥሩ። እነዚህ ሁለቱ ሁልጊዜ ከስብሰባ የሚቀሩ ናቸው፤ ወሬ የሚያልፈው ግን በእነሱ በኩል ነው። ጥበቃው በር ላይ ስለሆነ የማይሰማው የለም።

እኔ በ2016 መጀመሪያ ላይ የተናገርኩት ከሞላ ጎደል እንዲህ ነበር፦

«እንደምን አደራችሁ። ለምን እንደሰበሰብኳችሁ ታውቃላችሁ። ገበያው ቀዝቅዟል፣ ሁላችንም ተጨንቀናል፣ እኔም ተጨንቄያለሁ። የማውቀውን ልንገራችሁ። የጥቅምትና የኅዳር ደመወዝ በእጃችን አለ። ቤቱ አልተሸጠም፤ ልሸጠውም አላሰብኩም። የማላውቀው እንግዳ መቼ እንደሚመለስ ነው። የወሰንኩት ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ማታ 1 ሰዓት እንዘጋለን፤ የእኔ ክፍያም ከዚህ ወር ጀምሮ ቆሟል። ከታኅሣሥ ጀምሮ ስላለው የምነግራችሁ ኅዳር 15 ቀን ነው። ያን ቀን ካላወቅሁ፣ አላውቅም ብዬ እነግራችኋለሁ። አሁን ጠይቁኝ።»

ሁለት ደቂቃ አይሞላም። አያስፈልግምም። ረጅም ንግግር የሚያደርግ አለቃ የሆነ ነገር እየደበቀ ይመስላል።

ከሁሉ በላይ የሠራው የትኛው ቃል እንደሆነ ልንገራችሁ? «ኅዳር 15»። የደመወዙ ነገር አይደለም። ቀን ያለው ጭንቀት ቀን ከሌለው ይቀላል። ሰው እስከዚያ ድረስ መሥራት ይችላል። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ «ኅዳር 15 ይታወቃል» ይባባል ጀመር። ወሬው ቀጠሮ ተሰጠው ማለት ነው።

ስለ «አይዟችሁ» አንድ ነገር። ቋንቋችን ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ቃል ያለ አይመስለኝም። ለወደቀ ሕፃን፣ ለታመመ፣ ለሐዘንተኛ እንለዋለን። ግን አለቃ ብቻውን ሲለው፣ ቁጥርም ቀንም ሳይከተለው፣ ጆሮ ላይ «ነገሩ የከፋ ነው» ይመስላል። መጨረሻ ላይ በሉት። ቁርጡን ከነገራችሁ በኋላ የተባለ አይዟችሁ ሌላ ነው።

ንግግሩን ስትጨርሱ ዝም በሉ። በልባችሁ እስከ ሃያ ቁጠሩ። እመኑኝ፣ ሃያ ረጅም ነው። እኛ ጋ አሥራ አምስት ላይ አስተናጋጁ ጉሮሮውን ጠረገና «ጋሼ፣ የበዓል ጉርሻስ?» አለ። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ዋናው ጥያቄ መጣ።

4. ቃል ከመስጠት ተቆጠቡ፤ እኔ አልተቆጠብኩም

ዋናው ጥያቄ «ሰው ይቀነሳል ወይ?» የሚል ነበር። ጠያቂዋ ካሸራችን ነች።

ልቤ ራራ። «ማንም አይቀነስም! እኔ እያለሁ ማንም አይቀነስም!» አልኩ። ጭብጨባ ሆነ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ያኔ ወደ ዘጌ እንግዳ የምታመላልስ አንዲት ጀልባ ነበረችን። የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ገዳም አይቶ፣ የዘጌን ቡና ጠጥቶ የሚመለስ እንግዳ ምሳውን እኛ ጋ ይበላል። ነጂውና ረዳቱ ከእኔ ጋር ብዙ ዓመት ሠርተዋል። እንግዳ ሲጠፋ ጀልባዋ ታሰረች። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። በመጨረሻ ሸጥኳት። ሁለቱን ሰዎች ሌላ ቦታ ላስቀምጣቸው አልቻልኩም። ነጂው ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጥ ምንም አላለኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» ይባላል፤ እኔ ያልነበረኝን ተበድሬ ሰጠሁ።

ስለዚህ ለዚያ ጥያቄ ትክክለኛው መልስ ይህ ነው፦ «እስከ ኅዳር መጨረሻ ማንም አይቀነስም። ከዚያ በኋላ መቀነስ የግድ ከሆነ ከሌላ ሰው ሳትሰሙ ከእኔ ትሰማላችሁ፤ አስቀድሜም እነግራችኋለሁ።» ጭብጨባ አያስገኝም። ይታመናል።

ሥልጠና ላይ ሁሌ የሚነሳው ሳውዝዌስት የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ሌሎቹ አየር መንገዶች በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ሲያሰናብቱ እሱ አንድም ሰው አልቀነሰም። ይህን የሚያወሩ ሰዎች ሁለት ነገር ይዘላሉ። አንደኛ፣ ድርጅቱ ቀድሞ ያስቀመጠው በቂ ገንዘብ ነበረው፤ ደግነት ብቻ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ያው አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2025 ከዋና መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹ 15 በመቶውን እንደሚቀንስ አስታወቀ። እንዲህ ያለ ቅነሳ ከዚያ በፊት አድርጎ አያውቅም። «መቼም» የሚል ቃል ለእነሱም ከብዷል፤ ለእኔ ለዓሳ ጠባሹ እንዴት ይቅለለኝ?

5. ፍርሃቱን ለየብቻ ጠይቁ

ስብሰባ ላይ የሚነሳው የጋራ ፍርሃት ነው። ደመወዝ፣ ቅነሳ። እያንዳንዱ ሰው ግን የራሱ አለው፤ ያንን ሰው ፊት አያወጣውም። በዚያው ሳምንት እያንዳንዱን ለአሥር ደቂቃ አግኙት። ሥራ ላይ እያለ፣ አጠገቡ ቆማችሁ። «ችግር አለ?» አትበሉ፤ «ኧረ የለም፣ ይመስገን» ትባላላችሁ። «ከዚህ ሁሉ አንተን ይበልጥ የሚያሳስብህ የትኛው ነው?» በሉ።

እኔ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ካሸሯ ስብሰባ ላይ ስለ ቅነሳ ብትጠይቅም ይበልጥ የፈራችው እሱን አልነበረም። ኔትወርክ ሲቋረጥ ደንበኛው «በቴሌብር ልኬያለሁ» ብሎ ይሄዳል፤ መልእክቱ አይገባም፤ ማታ ሒሳብ ሲጎድል ከደመወዟ ይቆረጥ ይሆን ብላ ነው። መፍትሔው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ ኔትወርክ በጠፋበት ሰዓት የጎደለ ሒሳብ የቤቱ ነው፤ ስልክና ሰዓት መዝግቢ፣ በቃ።

ሳህን አጣቢዋ ዘንዘልማ ነው የምትኖረው። የምትፈራው መንገዱን ነው። ሲመሽ ባጃጅ ይጠፋል፤ ከተገኘም ኮንትራት ካልሆነ አይሄድም፤ የኮንትራቱ ዋጋ የቀን ገቢዋን ይበላዋል። እኔ ደግሞ የምታረፍድብኝ ሰነፍ ሆና ይመስለኝ ነበር። የጠዋት ፈረቃ ሰጠናት።

ጥበቃው አባት ናቸው፣ ጡረታ የወጡ። «ሌሊት ሰው በኃይል ቢገባ ምን ላድርግ?» አሉኝ። ስንት ዓመት ሲጠብቁልኝ ይህን አንድ ቀን ነግሬያቸው አላውቅም። «አባባ፣ ለፍሪጅ ብለው ነፍስዎን እንዳያስይዙ። በጓሮ በር ይውጡ። ዕቃ ይተካል» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ይህን ማታውን ለእናትየዋ ልንገራት» አሉ። ባለቤታቸውን ማለታቸው ነው።

ልብ በሉ፤ ከሦስቱ አንዱም ብዙ ብር አልጠየቀም። ትልቁን ፍርሃት ማጥፋት አትችሉም። ትንንሾቹን ግን በሳምንት ውስጥ ግማሹን መንቀል ይቻላል። ሰው ትንሹ ሲነቀልለት ትልቁን ይሸከማል።

6. ስልክ በማይሠራበት ቀን ማን ይወስናል?

ይህ ሌላ አገር በተጻፈ የአመራር መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም። እኛ ግን እናውቀዋለን።

ኢንተርኔት ጠፍቷል፣ ስልኩ አይገባም፣ እናንተ ሽንብጥ ሰፈር ናችሁ፣ ምግብ ቤቱ ጣና ዳር ነው፣ ከተማው ውስጥ የሆነ ነገር ተሰምቷል። ይዝጉ? ይክፈቱ? ሠራተኞቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ማንም «እንዝጋ» ብሎ ገቢ ያሳጣ መባል አይፈልግም። እንዲህ ሲጠባበቁ ይመሽባቸዋል።

ቀድማችሁ በጽሑፍ ወስኑ፦ የፈረቃው ኃላፊ ሳይደውል መዝጋት ይችላል። ቀድሞ በመዝጋቱ ፈጽሞ አይጠየቅም። ይህን ስታወጁ ፊታችሁን እያዩ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሰው በከንቱ የዘጋ ቀን ዋናው ፈተናችሁ ነው። እኛ ጋ ኃላፊው 9 ሰዓት ላይ ዘጋ፤ ምንም ሳይሆን ዋለ። ሁለት ትልልቅ ጠረጴዛ ቀጠሮ ነበር፣ ከሰረን። በማግስቱ ሁሉም ባሉበት «ጥሩ አደረግህ» አልኩት። ሆዴ እያረረ ነው፣ አልዋሽም።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልዘርዝራቸው። የሁሉም ሰው ስልክ ቁጥርና ሰፈር በወረቀት ተጽፎ ይቀመጥ። ሰፈራቸው የሚቀራረብ አብረው ይውጡ፤ የአባይ ማዶዎቹ አብረው፣ የሰባታሚቶቹ አብረው። ለሦስት ቀን አስቤዛና ለሁሉም መጓጓዣ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ካዝና ውስጥ ይኑር። ባንክና ቴሌብር ሁልጊዜ እንደማይደርሱላችሁ አይታችኋል።

7. ወጪ ስትቀንሱ ከላይ ጀምሩ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ የእናንተ ክፍያ። ከዚያ የማይታየው ብክነት። ከዚያ ሰዓት። ከዚያ የዓመት ፈቃድ። ሰው መጨረሻ።

የራሳችሁን ክፍያ ስታቆሙ ንገሯቸው። ጉራ ይመስላል ብላችሁ አትፈሩ። ግን በዚያው ወር አዲስ ስልክ ይዛችሁ አትምጡ። ሠራተኛ የአለቃውን ጫማ ሳይቀር ያነባል።

ብክነቱን ደግሞ ራሳቸውን ጠይቋቸው። የእኛ የምግብ ዝርዝር ሁለት ገጽ ነበር። እቴቴ ብዕር ተቀብለው ግማሹን ሰረዙት። «ይኼን ማን አዝዞት ያውቃል?» እያሉ። ፓስታው ሄደ፣ ሳንድዊቹ ሄደ። ቀረሶና አምባዛ የተባሉት ዓሳዎች ቀሩ፤ ድሮም ሰው የሚመጣው ለእነሱ ነበር።

ወደ ሰው ስትደርሱ ሕጉን አውጡ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ሁሉንም እዚህ አልዘረዝርም፤ አራት ነገር ግን በቃላችሁ ያዙ።

ደመወዝ ብቻችሁን ተነስታችሁ አትቆርጡም፤ የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ያልተወሰደ ፈቃድ ካለ ገበያ የቀዘቀዘበት ወር ጥሩ ጊዜው ነው። በእናንተ ጥፋት ያልመጣ የገንዘብ ችግር ሥራውን ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀን የሚያስቆም ከሆነ ውሉን ሳታፈርሱ ለጊዜው ማገድ ይቻላል፤ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ። ማሰናበት የግድ ከሆነ ደግሞ ማስጠንቀቂያ አለ፦ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት 2 ወር፣ ከዚያ በላይ 3 ወር፤ ሕጉ የሠራተኛ ቅነሳ ለሚለው ግን 2 ወር። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ እየታከለ እስከ 12 ወር ደመወዝ ይደርሳል። እንደ ስንብቱ ምክንያት ተጨማሪ ክፍያ ስለሚኖር አንድ ሰዓት ጠበቃ ማማከር ያዋጣል።

ይህን የጻፍኩት ክስ ለማስፈራራት አይደለም። የምታሰናብቱትን ሰው እንዴት እንደምታሰናብቱት የሚቀሩት ያያሉ። የጀልባ ነጂው የመጨረሻ ክፍያውን በሰዓቱ፣ የምስክር ወረቀቱን በእጁ ይዞ ሲወጣ ወጥ ቤቱ በሙሉ በመስኮት ያይ ነበር። ከዚያ ሰዎቹን ሰብስቤ «ማንም አይቀነስም ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ፤ የማልችለውን ተናገርኩ» አልኩ። ማብራሪያ አልጨመርኩም። ማብራሪያ ሲጨመርበት ይቅርታ ይቀጥናል።

8. ሰኞ ሰኞ ነው

የመጀመሪያው ስብሰባ ጥሩ ከሆነ ሰው ለአሥር ቀን ያህል ይረጋጋል። ከዚያ ወሬው ይመለሳል። ስለዚህ ቀን ቆርጣችሁ በየሳምንቱ ተገናኙ። የእኛው ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ።

አዲስ ነገር ከሌለም ተሰብሰቡ። «አዲስ ነገር የለም፤ ባለፈው ሳምንት የነገርኳችሁ እንዳለ ነው» በሉና ቡናችሁን ጠጡ። አንድ ሰኞ ከቀረ የቀረበት ምክንያት ይተረጎማል። እኔ አንዴ ጥርሴን አሞኝ ቀርቼ፣ እስከ ምሳ ድረስ ባንክ ተጠርቼ ሄጃለሁ ተብሎ ነበር።

ወጥ ቤቱ መግቢያ ላይ ነጭ ሰሌዳ ሰቅለናል። ሦስት ነገር ይጻፍበታል፦ ባለፈው ሳምንት የተሸጠ ሰሃን ብዛት፣ በእጅ ያለው ገንዘብ ስንት ሳምንት እንደሚያቆይ፣ የሚቀጥለው ውሳኔ ቀን። የብድሩን መጠን አልጽፍም። የእነሱን ሳምንት የማይለውጥ ቁጥር ሸክም ብቻ ነው። የሳምንቱን ብዛት ስንሰቅል የሒሳብ ሠራተኛዬ «ሊደነግጡ ነው» ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። ቁጥሩ ሰባት ነበር። አንዱ አስተናጋጅ አየውና «ሰባት? እኔ ሁለት ብቻ መስሎኝ ነበር» አለ።

9. አቅራቢውንም አትርሱ

አጭር ነው። ዓሳ የሚያመጡልን አስጋሪዎች እንደ ሠራተኞቻችን ይፈራሉ። ሐይቁን የወረረው እምቦጭ አረም፣ የነዳጁ ዋጋ፣ የመረቡ ዋጋ አለባቸው፤ በዚያ ላይ እኔ ሳልነግራቸው ግዢ ብቀንስ የተያዘው ዓሳ ይበላሽባቸዋል። ስለዚህ ስንት ኪሎ እንደምንወስድ ቅዳሜ ለሚቀጥለው ሳምንት እንነግራቸዋለን። የቀነሰም ቢሆን የታወቀ ነው። ዱቤ ካለባችሁ ከፍላችሁ ባትጨርሱም በየሳምንቱ ጥቂት ስጡ።

10. እናንተስ?

የሰው ፍርሃት ስትሰበስቡ ውላችሁ የራሳችሁን የምታራግፉበት ያስፈልጋል። ካሸሯ ላይ አታራግፉት። ወጥ ቤት ውስጥም አታራግፉት። እኔ አንድ የእቁብ ጓደኛ አለኝ፤ የእሱ ሥራ ብረት ነው፣ የእኔ ዓሳ። ሐሙስ ማታ ተገናኝተን አንዳችን ለአንዳችን እናለቅሳለን። ምክር አይሰጠኝም። ለዚያም ነው የምወደው።

ገበያው ትንሽ ሲነቃ የሰኞውን ስብሰባ ተውኩት። ማንም የሚጠይቅ አልነበረም፤ ሥራ በዝቷል፣ ሰሌዳውም ላይ የምግብ ዋጋ ጽፈንበታል። በሦስተኛው ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከቢሮዬ ወጣሁ። ዋርካው ሥር ከሰል ተያይዟል። ሲኒው ተደርድሯል። እቴቴ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ቡና ይቆላሉ፤ ሳህን አጣቢዋና ጥበቃው አጠገባቸው ናቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ፤ «ዛሬ ሰኞ አይደለም እንዴ?»